አውሬውን የቀሰቀሰው ማን ነው? ስለ አቶም ዘመን የጭራቅ ፊልሞች

ሲኒማ ወደ አዲስ አበባ በገባበት በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ሕዝቡ ፊልም የሚታይበትን አዳራሽ «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሰይሞት ነበር። በጨለማ ቤት ውስጥ፣ በግድግዳ ላይ የሚንቀሳቀስ ሰው ማየት ለዘመኑ ተመልካች ቀላል ነገር አልነበረምና ስያሜው አያስደንቅም። ከዚያ ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ቆይቶ በአሜሪካና በጃፓን አዳራሾች ውስጥ በእርግጥም ጭራቅ ታየ። ጭራቁ ከጎማና ከሽቦ፣ ብዙ ጊዜም በጥቂት ገንዘብ የተሠራ ስለነበረ ብዙ ሐያስያን እንደ ቧልት ቆጥረው ንቀውት አልፈዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን ቧልት የተባሉት እነዚህ ፊልሞች ታላላቅ መንግሥታት ሊያነሡት ያልፈለጉትን ጥያቄ ያነሡ እንደነበረ ማሳየት ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የፈር ቀዳጅነቱን ስፍራ የያዘው በ1953 የወጣው «ከ20 ሺህ ፋተም ጥልቀት የመጣው አውሬ» ነው። በዋልታ በረዶ ላይ የተደረገ የአቶም ሙከራ አንድ ጥንታዊ ፍጡር ይቀሰቅስና ፍጡሩ ኒውዮርክን ይወርራል። የፊልሙ ወጪ 200 ሺህ ዶላር ያህል ብቻ ሲሆን፣ አውሬው ሬይ ሃሪሃውዘን የተባለው ባለሙያ በየሥዕሉ ጥቂት በጥቂት እያንቀሳቀሰ ያነሣው ትንሽ አሻንጉሊት ነበር። ይኸው ባለሙያ በ1955 ለሌላ ፊልም ግዙፍ ኦክቶፐስ ሲሠራ፣ ገንዘቡ ስላልበቃ እንስሳው ስምንት ክንዶች መሆናቸው ቀርቶ ስድስት ብቻ ኖሩት። ሮጀር ኮርማን በ1957 «የሸርጣን ጭራቆች ጥቃት» የተባለውን ፊልም የሠራው በ70 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። በዚያው ዓመት በርት ጎርደን በጨረር የበቀለ እህል በልተው የገዘፉ ፌንጣዎች ቺካጎን ሲወርሩ ለማሳየት፣ እውነተኛ ፌንጣዎችን በሕንፃዎች ፎቶግራፍ ላይ አስኪዷል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። አገራችን ፌንጣ ሳይገዝፍ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ታውቃለች። ከጎርደን ፊልም አንድ ዓመት በኋላ፣ በ1958፣ የአንበጣ መንጋ በኢትዮጵያ ያጠፋው እህል አንድ ሚሊዮን ሰው ለአንድ ዓመት ይመግብ እንደነበረ ተገምቷል። እውነተኛ አደጋ ብዙውን ጊዜ ትንሽ ነው። የአቶም ጨረር ደግሞ ከትንሽም አልፎ ጨርሶ የማይታይ፣ የማይሸተት፣ የማይዳሰስ ነገር ነው። ስለዚህም የፊልም ሠሪዎቹ ጭራቅ የገዘፈው የሚፈራው ነገር ራሱ መልክ ስላልነበረው ነው።

ያ ፍርሃት ከባዶ የመጣ አልነበረም። መጋቢት 1 ቀን 1954 አሜሪካ በማርሻል ደሴቶች፣ ቢኪኒ በተባለው ስፍራ ያፈነዳችው የሃይድሮጂን ቦምብ 15 ሜጋቶን ኃይል ነበረው፤ ይህም አስቀድሞ ከተገመተው ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። ከተከለከለው ክልል ውጭ ዓሣ ያጠምዱ በነበሩ 23 ጃፓናውያን መርከበኞች ላይ ነጭ አመድ ዘነበ። የመርከቢቱ ሬዲዮ ሠራተኛ አይኪቺ ኩቦያማ በዚያው ዓመት መስከረም 23 ቀን አረፈ። የደሴቶቹ ነዋሪዎችም ከጉዳቱ አላመለጡም።

ከሙከራው ስምንት ወር በኋላ፣ ኅዳር 3 ቀን 1954፣ ጃፓናውያን የሚያውቁትን ሐዘን በፊልም አዩት። «ጎጂራ»፣ በሌላው ዓለም አጠራር «ጎድዚላ»፣ የሚጀምረው በድንገተኛ ብርሃን በምትጠፋ መርከብ ነው። ዳይሬክተሩ ኢሺሮ ሆንዳ ከጦርነቱ ሲመለስ የሂሮሺማን ፍርስራሽ በዓይኑ ያየ ሰው ነበር። ፊልሙ ለጃፓን ርካሽ ባይሆንም፣ አሻንጉሊት በየሥዕሉ እያንቀሳቀሱ ለማንሣት ጊዜም ገንዘብም አልነበረም። ከዚህ የተነሣ የልዩ ጥበቡ ኃላፊ ኤይጂ ፁቡራያ 100 ኪሎ ያህል የሚመዝን ልብስ ለሰው አልብሶ በትንንሽ የቶኪዮ ቤቶች ላይ አስረገጠው።

የእነዚህን ፊልሞች ፍሬ ነገር ለመረዳት ከገረሴና ከዙሪያዋ የጋሞ ደጋ የተሻለ መመልከቻ ማግኘት ያስቸግራል። በጋሞ ባህል «ጎሜ» የሚባል ነገር አለ። ጎሜ የተጣሰ ሥርዓት ነው፤ ጥሰቱም በሽታ ሆኖ፣ የዝናብ እጦት ሆኖ፣ የከብት እልቂት ሆኖ ይመለሳል። የሚመታውም ጥፋተኛውን ብቻ ሳይሆን ዘመዱንና ጎረቤቱንም ጭምር ነው። ስለሆነም መከራ ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «እንዴት እንግደለው?» ሳይሆን «ምን ተላለፍን?» የሚል ነው። ጥፋቱ ይመረመራል፣ በአደባባይ ይነገራል፣ ከዚያም ዕርቅ ይወርዳል። ሳይናዘዙ መክፈል ጎሜን አያነጻም።

በዚህ ሚዛን ፊልሞቹን ብንመዝን ልዩነታቸው ጎልቶ ይታያል። በ1953ቱ ፊልም ከአቶም የተቀሰቀሰው አውሬ የሚገደለው በጨረራማ ንጥረ ነገር ነው፤ በሽታውም መድኃኒቱም አንድ ይሆናል፤ የሚናዘዝም የለም። በ1954 የወጣው «እነርሱ!» የተባለው ፊልም ስለ ግዙፍ ጉንዳኖች ሲተርክ፣ በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ሳይንቲስት ስለ ወደፊቱ ይሰጋል፤ ተጠያቂው ግን አይጠራም። በ«ጎጂራ» ደግሞ ዶክተር ሴሪዛዋ የፈለሰፈው መሣሪያ በሌላ እጅ እንዳይገባ ወረቀቱን አቃጥሎ ከአውሬው ጋር አብሮ ይሞታል፤ ፕሮፌሰር ያማኔም ሙከራው ከቀጠለ ሌላ ጎጂራ እንደሚመጣ ያስጠነቅቃል። ፊልሙ በ1956 ለአሜሪካ ተመልካች ተቆርጦና አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ተጨምሮበት ሲቀርብ ያ ማስጠንቀቂያ ወጣ። አሜሪካም በ1955 መጀመሪያ ላይ ለጃፓን 2 ሚሊዮን ዶላር ስትሰጥ፣ ክፍያው ሕጋዊ ኃላፊነትን መቀበል እንዳልሆነ ገልጻ ነበር።

ይህ ለእኛ የሩቅ ታሪክ አይደለም። በ1935ና በ1936 የኢጣሊያ አውሮፕላኖች በወታደሩም በገበሬውም ላይ የኢፐሪት መርዝ አዝንበዋል፤ ንጉሠ ነገሥቱም ሰኔ 30 ቀን 1936 በጄኔቭ ይህንኑ ለዓለም አሰሙ። የኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስቴር የጋዙን መጣል በይፋ ያመነው ግን በ1996፣ ከ60 ዓመት በኋላ ነው። ከሰማይ የሚወርድ መርዝ ምን እንደሆነ የምታውቀው ኢትዮጵያ ከሌሎች አገሮች ጋር ሆና ያቀረበችውን፣ በኑክሌር መሣሪያ መጠቀም በሰብአዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነው የሚለውን መግለጫ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ኅዳር 24 ቀን 1961 በ55 ድጋፍ፣ በ20 ተቃውሞና በ26 ድምፀ ተዓቅቦ አጽድቆታል።

በ1963 በሞስኮ የተፈረመው ውል በአየር፣ በውኃ ውስጥና በጠፈር የሚደረገውን ሙከራ ከለከለ፤ ከመሬት በታች የሚደረገውን ግን አልከለከለም። ውሉ ፊልሞች ያመጡት እንዳልሆነ የታወቀ ነው። ሆኖም ዲፕሎማቶች ስለ ሜጋቶን ሲከራከሩ፣ ተራው ተመልካች ስድስት ክንድ ባለው ኦክቶፐስ ፊት ተቀምጦ ይህን ያመጣብን ማን እንደሆነ ይጠይቅ ነበር። የጎማው ልብስ ዛሬ ያስቃል፤ ጥያቄው ግን አያስቅም። የጋሞ አባቶች እንዳስተማሩት፣ አውሬው ቢሞት እንኳ የቀሰቀሰው እጅ እስኪናዘዝ ድረስ ነገሩ አላለቀም።