እንጨትና ሠዓሊው ዘሪሁን የትምጌታ

እንጨት የሰው ልጅ የጥንት ረዳቱ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ገበሬው በሞፈርና በቀንበር ያርሳል፤ ሸማኔው ከእንጨትና ከቀርከሃ በተሠራ ዕቃ ይሸምናል፤ ደረሳው የቁርዓን ፊደሉን በሎህ ላይ ጽፎ ይቀራል፤ አፋሩም በበረሃ ሲያድር ራሱን የሚያሳርፈው በእንጨት ትራስ ላይ ነው። እኛ የባቲ ልጆችም ደገኛውና ቆለኛው በሚገናኙበት በሰኞ ገበያችን ከእንጨት የተሠራ ዕቃ ሳናይ አንመለስም። ይሁን እንጂ ዕቃውን ስንገዛ የሠሪውን ብልሃት የምናስብ ጥቂቶች ነን።

በአገራችን ሥዕልና እንጨት የተዋወቁት ዛሬ አይደለም። በ15ኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበረው መነኩሴ ፍሬ ጽዮን ሥዕሎቹን የሠራው በእንጨት ገበታ ላይ ነበር። በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኘው ገበታ ስሙን ይዞ እስከ ዛሬ ቆይቷል። ነገር ግን ሥዕሉ ሲከበር፣ እንጨት ጠራቢውና ሸማኔው፣ ብረት ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ ለብዙ ዘመን በስድብ ስም ሲጠሩ ኖረዋል። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት መድረሳቸው፣ ንቀቱ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበር ያስረዳል።

እንግዲህ ይህን ንቀት በአዋጅ ሳይሆን በሥራቸው ከሻሩት ሰዎች አንዱ ሠዓሊ ዘሪሁን የትምጌታ ናቸው። የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1941 በአዲስ አበባ ሲሆን፣ የተማሩትም አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ነው። በዚያም እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1966 ያስተማሩት ሐንሰን ባሂያ መምህራቸው ነበሩ። ሐንሰን በጀርመን አገር በሐምቡርግ ተወልደው በብራዚል የኖሩና በእንጨት ህትመት የታወቁ ሰው ነበሩ።

የእንጨት ህትመት የሚሠራው እንዲህ ነው። ሠዓሊው ሥዕሉን በጠፍጣፋ እንጨት ላይ ግራውን ቀኝ አድርጎ ይነድፋል። ነጭ ሆኖ እንዲቀር የሚፈልገውን ሥፍራ በመሮ እየፈለፈለ ያወጣል። ሳይነካ ከፍ ብሎ የቀረው ቀለም ይቀባና ወረቀት ተጭኖበት ይታተማል። በሸራ ላይ የሚሥል ሰው ያልወደደውን በሌላ ቀለም ይሸፍነዋል፤ ከእንጨት የተቆረጠ ግን ወደ ቦታው አይመለስም። ከዚህም በላይ እንጨት ጅማት አለው። መሮው ጅማቱን ተከትሎ ሲሄድ ይቀልለዋል፤ ሲያቋርጠው ግን እንጨቱ ይሰነጠራል። ስለዚህ በእንጨት የሚሠራ ሰው ከማዘዙ በፊት መታዘዝን ይማራል።

ሠዓሊ ዘሪሁን እ.ኤ.አ. በ1968 ከተመረቁ በኋላ በህትመት ብቻ አልተወሰኑም። ሸማኔ የሚሠራበትን ዕቃ ተመለከቱ፤ ከዚያም የተገኙትን ቀጫጭን የቀርከሃ ስንጥሮች ጎን ለጎን እየደረደሩ ሥዕል ይሥሉባቸው ጀመር። ቀርከሃ በዕፅዋት ትምህርት ከሣር ወገን ቢቆጠርም፣ ግንዱ እንደ እንጨት የጠነከረ ነው። ስንጥሩ ጠባብና ረጅም ስለ ሆነ እንደ ልብ ትልቅ ምስል አያሠራም። እርሳቸው ግን ይህን ጠባብነት እንደ እንቅፋት አልቆጠሩትም። አባቶቻችን በጠባብና ረጅም ብራና ላይ የሚጽፉትን ክታብ ያስታውሳልና፣ የክታቡን ትልልቅ ዓይኖች፣ ጠልሰሙንና የግዕዙን ፊደል በስንጥሮቹ ላይ አሳረፉ። እ.ኤ.አ. በ1992 በሴኔጋል ዋና ከተማ በዳካር በተደረገው ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ትርኢት ላይ ከፍተኛ ሽልማት ተቀበሉ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ምንድን ነው? ስንጥሩ በሸማኔው እጅ ሳለ ሠሪው ይናቅ ነበር፤ በሠዓሊው እጅ ሲገባ ግን በባዕድ አገር ተሸለመ። የተለወጠው ቀርከሃው አይደለም፤ የተመልካቹ ዓይን ነው እንጂ። ያንን ስንጥር በጥንቃቄ ሰንጥቆ፣ ልጎ፣ እኩል ያደረገው ስሙ ያልተጻፈ ባለ እጅ ነው። እርሱ ባይኖር ሥዕሉ የሚያርፍበት ባላገኘ ነበር።

ስለዚህ እኛ ተማሪዎች ትምህርታችን ከእጅ ሥራ የሚያርቀን መስሎን እንዳንሳሳት። በመጪው ሰኞ ገበያ ስንወርድ ከእንጨት ሠሪው ዘንድ ጥቂት ቆመን፣ ይህን ዕቃ ከየትኛው ዛፍ ሠራኸው፣ ስለ ምንስ ያን ዛፍ መረጥህ ብለን እንጠይቀው። ከጠየቅነው የሚያስተምረን ብዙ አለው። ወላጆቻችንም ልጃቸው መሮ ወይም ቡሩሽ ቢያነሣ ጊዜውን በከንቱ አጠፋ ብለው አይዘኑ። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የሚፈጸመው ግን በእያንዳንዳችን አንደበት ነው።