ስሙን ያጣ ፋይል

ጽሑፍ ከስሙ ተለይቶ መኖር ይችላልን? የዩኒክስ ኮምፒዩተርን ታሪክ ሳነብ ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣብኛል።

ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ በ1969 እ.ኤ.አ. በቤል ላብራቶሪ ዩኒክስን ሲጀምሩ የፋይሉን ስም ከፋይሉ ለይተው አኖሩት። «አይኖድ» የተባለው ባለቁጥር መዝገብ ይዘቱ በዲስኩ ላይ የት የት እንዳለ፣ የማን እንደሆነና መቼ እንደተለወጠ ይይዛል፤ ስሙ ግን የሚጻፈው በሌላ ስፍራ፣ በማውጫው ውስጥ ነው። መብራት በድንገት ሲጠፋ ታዲያ ማውጫውና አይኖዱ ሳይስማሙ ሊቀሩ ይችላሉ።

በ1979 እ.ኤ.አ. በወጣው ሰባተኛው እትም ምርመራው «አይቼክ» እና «ዲቼክ» ለተባሉ ሁለት ፕሮግራሞች የተከፈለ ነበር። ቴድ ኮዋልስኪ የጻፈው «ኤፍ-ኤስ-ሲ-ኬ» ግን ምርመራውንና ጥገናውን በአንድነት ያዘ። ስም አልባ ይዘት ሲያገኝ «ላገናኘው?» ብሎ ሰውን ይጠይቃል። መልሱ «አዎ» ከሆነ «የጠፋና የተገኘ» የሚል ትርጉም ባለው ማውጫ ውስጥ በአይኖዱ ቁጥር ሰይሞ ያኖረዋል፤ «አይ» ከሆነ «ልሰርዘው?» ይላል። በቀድሞው ዘመን ያ ማውጫ ከጉዳቱ በፊት፣ ባዶ ቦታው ተጠብቆለት መዘጋጀት ነበረበት።

እኔን የሚደንቀኝ ይህ ነው፦ መሣሪያው መዛግብቱን ያስታርቃል እንጂ የተረፈው ደብዳቤ ይሁን ግጥም አያውቅም። ሽፋኑ እንደተገነጠለ መጽሐፍ ሁሉ፣ ገልጦ አንብቦ ስሙን የሚመልስለት ሰው ያስፈልገዋል።