የቆመው ትራክተርና መርካቶ፦ የእርሻ መሣሪያ መለዋወጫ ታሪክና ለማኅበራት ያለው ትምህርት

በአገራችን በርካታ የገጠር ከተሞች፣ በቀድሞ የመንግሥት እርሻ ግቢዎች፣ በግብርና ጽሕፈት ቤቶች አጥር ጥግና በኅብረት ሥራ ማኅበራት መጋዘን ጓሮ ጎማው የተነፈሰ፣ ቀለሙ የለቀቀና ሣር የበቀለበት ትራክተር ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። አላፊ አግዳሚው «አርጅቶ ቆመ» ብሎ ያልፈዋል። ጉዳዩን ቀረብ ብሎ ለመረመረ ግን ትራክተርን የሚያቆመው እርጅና ብቻ አይደለም። አንድ የናፍታ ፓምፕ፣ አንድ ጥርሱ የረገፈ ማርሽ ወይም በጊዜው ያልተቀየረ የዘይት ማገጃ ጎማ ሙሉውን መሣሪያ ከሥራ ውጪ ያደርገዋል።

የኢትዮጵያ የትራክተር ታሪክ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው ስንት ትራክተር ገባ የሚለው ነው። የገባው ትራክተር በምን መለዋወጫ ኖረ የሚለው ጥያቄ ግን እምብዛም አይነሳም። ትራክተሩ በመንግሥት ዕቅድ ወይም በውጭ እርዳታ ይመጣል፤ ዕቅዱ ሲያልቅ ወይም ወዳጅነቱ ሲቀዘቅዝ መለዋወጫውም አብሮ ይቋረጣል። ከዚያ በኋላ ባለትራክተሩ የሚሄድበት አንድ መንገድ ይቀራል፤ እርሱም ወደ መርካቶ የሚወስደው ነው።

መርካቶ እና የጋራዥ ቋንቋ

እንደሚታወቀው የአዲስ አበባ ዋና ገበያ ቀድሞ በአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ነበር። ጣልያን አገራችንን በወረረበት ዘመን፣ ማለትም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ የአገሬውን ሕዝብ ከነጮች ለይቶ ለማስፈር በወጣው ዕቅድ መሠረት ገበያው ወደ ምዕራብ እንዲዛወር ተደረገ። ስሙም «የአገሬው ሰው ገበያ» ለማለት «መርካቶ ኢንዲጄኖ» ተባለ። ወራሪው ሲባረር የማግለያው ቃል ወድቆ «መርካቶ» የሚለው ብቻ ቀረ። ለመለያየት የተመሠረተው ገበያ ከመላ ኢትዮጵያ የመጣ ነጋዴና ባለእጅ የሚገናኝበት ሰፈር ሆነ።

ከዚያ ዘመን የቀረው የገበያው ስም ብቻ አይደለም። የመካኒኩም ቋንቋ ቀርቷል። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ሞተሪኖ፣ ቴስታታ፣ ኩሽኔታ፣ ፊልትሮ፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ካንዴላ የሚባሉት ሁሉ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ከጎጃምም ይምጣ ከአርሲ፣ ከሐረርም ይምጣ ከወለጋ፣ ትራክተር ነጂው መርካቶ ገብቶ «ኩሽኔታ» ሲል ነጋዴው ወዲያውኑ ይረዳዋል። ይህ የጋራ ቋንቋ የመለዋወጫ ንግዱን እስካሁን ያገለግላል።

በመርካቶ እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ተራ አለው። ሶማሌ ተራ በተሽከርካሪ መለዋወጫ ይታወቃል። ምናለሽ ተራ ደግሞ ሌላው የጣለው ብረት፣ ጎማና በርሜል እንደገና ዕቃ የሚሆንበት ነው። «ቆርቆሮ ያለው» እያሉ በየሰፈሩ የሚዞሩት ቁራሌዎች የሚሰበስቡት ብረት በብዛት የሚደርሰው ወደዚህ ነው። አውቶቡስ ተራም በዚያው ክፍለ ከተማ በመሆኑ፣ ከክፍለ ሀገር የተበላሸ ዕቃ በማዳበሪያ ከረጢት ይዞ የሚመጣ ሰው በእግሩ የሚደርስበት ርቀት ላይ ነው።

ትራክተር የመጣባቸው ሦስት መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ ትልልቅ የንግድ እርሻዎች ነበሩ። በወንጂ የስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ ቀጥሎም በ1950ዎቹ በታችኛው አዋሽ የተንዳሆ የጥጥ እርሻ ሲቋቋም፣ በትራክተር የሚታረስ ሰፊ መሬት ታየ። በሑመራም በሰሊጥና በማሽላ የተሰማሩ ባለሀብቶች ትራክተር ማስገባት ጀመሩ።

በአርሲ ደግሞ በ1960 ዓ.ም. ገደማ በስዊድን መንግሥት እርዳታ የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭሩ «ካዱ»፣ ተመሠረተ። ድርጅቱ የተቋቋመው ትንንሽ ገበሬዎችን በምርጥ ዘርና በማዳበሪያ ለመርዳት ነበር። በሬ የሚስበው የተሻሻለ ማረሻና ጋሪም በአሰላ ይሠራ ነበር። ሆኖም ምርቱ ሲጨምርና መሬቱ ሲወደድ ባለመሬቶች ትራክተር እየገዙ ጭሰኛውን ማስነሳት ጀመሩ። መንግሥት ለእርሻ መሣሪያ የሰጠው የቀረጥ ነፃ መብትም ይህንኑ አፋጠነው። በዚያ ዘመን ለጭላሎ ጭሰኛ የትራክተር ድምፅ የመፈናቀል ምልክት ነበር። በጋራ የሚታረስበት ትራክተር ከዚህ የተለየ መሆኑን የማኅበር አባላት የሚገነዘቡት ይህን ታሪክ ሲያውቁ ነው።

ሁለተኛው መንገድ የተከፈተው ከአብዮቱ በኋላ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31/1967 መሬትን የሕዝብ ሲያደርግ ትልልቆቹ የንግድ እርሻዎች ወደ መንግሥት እርሻነት ተዛወሩ። ቀድሞ በብዛት ከእንግሊዝና ከጣልያን ይመጣ የነበረው ትራክተር በሶቪየት ኅብረቱ ቤላሩስ መተካት ጀመረ። በ1970ዎቹ አጋማሽ በሶቪየት ድጋፍ የናዝሬት ትራክተር መገጣጠሚያ ፋብሪካ ተቋቁሞ ቤላሩስን በአገር ውስጥ ይገጣጥም ገባ። በጎጃም የብርና የአየሁ እርሻዎች፣ በ1978 ዓ.ም. በጣልያን እርዳታ የተጀመረው የጣና በለስ ፕሮጀክትም የዚህ የትልልቅ መሣሪያ ዘመን ልጆች ናቸው።

ሦስተኛው መንገድ የዛሬው ነው። በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991፣ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት የተደራጁ መሠረታዊ ማኅበራትና ዩኒየኖች በአባላት ዕጣና በብድር ትራክተርና ኮምባይነር መግዛት ጀመሩ። በ2011 ዓ.ም. መንግሥት የእርሻ መሣሪያዎች ከቀረጥና ታክስ ነፃ እንዲገቡ መወሰኑ በሩን ይበልጥ ከፈተው።

የመለዋወጫው መስመር ሲቆረጥ

በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ሆነ። በጣና በለስ የፕሮጀክቱ ሥራ ተቋረጠ፤ የመንግሥት እርሻዎችም ተዳከሙ። በታኅሣሥ 1984 ዓ.ም. ሶቪየት ኅብረት ራሷ ፈረሰች። በመንግሥታት ስምምነት ይመጣ የነበረው የቤላሩስ መለዋወጫ ባለቤት አጣ። ትራክተሮቹ ግን እዚሁ ነበሩ።

በዚህ ጊዜ የሆነው ነገር የመርካቶን ጥቅም ያሳያል። ሊነሳ የማይችለው ትራክተር ተፈታ። ካምቢዮው፣ ጎማው፣ ፓምፑ፣ ቴስታታው ተለያይቶ ወደ ተራዎቹ ገባ። አሥር የሞቱ ትራክተሮች ለሦስትና ለአራት የቆሙ ትራክተሮች ሕይወት ሆኑ። በመዝገብ «የተወገደ ንብረት» የተባለው፣ ለገበሬው የሰኔ እርሻ መድረሻ ሆነ።

የማሴይ ፈርጉሰን ዕድል ከዚህ የተሻለ ነበር። ማሴይ ፈርጉሰን 135 እ.ኤ.አ. በ1964 መጨረሻ ገበያ ላይ የወጣ የእንግሊዝ ትራክተር ነው። ሞተሩ «ፐርኪንስ 3.152» ይባላል፤ ትርጉሙም 3 ሲሊንደርና 152 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም ወደ 2.5 ሊትር የሚጠጋ ይዘት ማለት ነው። ይህ ሞተር በጄኔሬተርና በሌሎች መሣሪያዎችም ላይ ይገጠም ስለነበር ዕቃው በትራክተር ብቻ የተወሰነ አልነበረም። ከዚህም በላይ በሕንድ በ1960 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ታፌ፣ በፓኪስታን በ1964 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ሚላት ኩባንያ የማሴይ ፈርጉሰንን ዓይነት ትራክተር ማምረት ቀጠሉ። ስለዚህ እንግሊዝ ሞዴሉን ካቆመች በኋላም ፒስተኑና ጋስኬቱ ከእስያ መምጣቱን አላቋረጠም። ትራክተር የሚኖረው የተመረተበት አገር ባለው ጥንካሬ ብቻ አይደለም፤ ዕቃውን ስንት ቦታ ይሠራሉ በሚለው ጭምር ነው።

የቆመን ትራክተር የማንሳት ሥራ

ለዓመታት የቆመን ሞተር ጎትቶ ለማስነሳት መሞከር ትልቅ ጥፋት ነው። ውኃ ገብቶ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። ልምድ ያላቸው መካኒኮች መጀመሪያ ኖዝሎቹን ፈትተው በየሲሊንደሩ ዘይት ያንጠባጥባሉ፤ ለቀናት ይጠብቃሉ፤ ከዚያም ሞተሩን በእጅ ያዞራሉ። አሮጌው ዘይትና ናፍታ ተደፍቶ ጋኑ ይታጠባል።

ቀጥሎ የሚመጣው መለካት ነው። ሲሊንደሩ የተበላ ከሆነ እጅጌው ይቀየራል። ክራንክሻፍቱ ከተጫረ በቶርኖ ቤት ተላጭቶ በልኩ ወፈር ያለ የመሸከሚያ ቅርፊት ይገባለታል። የዚህ ዓይነት ቅርፊት በኢንች 10፣ 20 እና 30 ሺኛ እየተባለ በደረጃ ይሸጣል። ይህን ቁጥር ሳይዝ መርካቶ የሚሄድ ሰው ሁለት ጊዜ የአውቶቡስ ሒሳብ ይከፍላል። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚባለው ለዚህ ነው።

ብዙዎች የማያውቁት አንድ ጠቃሚ ነገር አለ። ኩሽኔታ የትራክተር ስም አያስፈልገውም፤ ዳሩ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ይበቃል። 6308 የሚል ኩሽኔታ በየትም አገር ቢሠራ ውስጡ 40፣ ውጪው 90፣ ውፍረቱ 23 ሚሊ ሜትር ነው። በቤላሩስ ላይ 308 የሚል ቢገኝ ደንግጦ «የሶቪየት ነው፣ አይገኝም» ማለት አያስፈልግም፤ በሶቪየት አቆጣጠር 308 ማለት ያው 6308 ነው። የዘይት ማገጃ ጎማም እንዲሁ በሦስት ልኬት፣ በውስጥ፣ በውጪና በውፍረት፣ ይገኛል። በዚህ ዕውቀት ማነስ ብቻ አንድ የእርሻ ወቅት ሊያልፍ ይችላል።

በገበያ ያልተገኘ ዕቃ በቶርኖ ይሠራል። እዚህ ላይ ግን ወሰኑን ማወቅ ይገባል። ፒን፣ ቡሽ፣ የማያያዣ ዘንግና የመሳሰለው በጥሩ ባለሙያ ከተሠራ ያገለግላል። ማርሽ ግን ቅርጹ ብቻ በቂ አይደለም፤ ብረቱ በሙቀት ካልጠነከረ ጥርሱ በመጀመሪያው ጥልቅ እርሻ ይረግፋል። የናፍታ ፓምፕ ደግሞ በመለኪያ መሣሪያ ላይ ተስተካክሎ እንጂ በግምት አይጠገንም።

የደረሰኝ ጉዳይ

ማኅበራትን ከግለሰብ ባለትራክተር የሚለያቸው አንድ ችግር አለ። ግለሰቡ ዕቃውን አይቶ፣ ተከራክሮ፣ ከፍሎ ይወስዳል። ማኅበር ግን የአባላት ገንዘብ ስለያዘ ሦስት ፕሮፎርማ፣ የግዥ ኮሚቴ ቃለ ጉባዔና ሕጋዊ ደረሰኝ ያስፈልገዋል። ያገለገለ ካምቢዮ የሚሸጥ ነጋዴ ደረሰኝ የሌለው እንደሆነ ኦዲተሩ ሒሳቡን አይቀበልም። ገንዘብ ያዡም ከመጠየቅ ብሎ ግዥውን ይተወዋል። በዚህ መካከል ትራክተሩ ይቆማል፤ አባሉም በሰኔ ከግለሰብ በውድ ዋጋ ያሳርሳል።

የኦዲት ጥያቄው ትክክል ነው። ያለ ደረሰኝ የሚሸጥ ዕቃ ምንጩ የማይታወቅ፣ የተሰረቀ ወይም ተመሳስሎ የተሠራ ሊሆን ይችላል። የአባላትም ገንዘብ መጠበቅ አለበት። ነገር ግን መፍትሔው ትራክተሩን ማቆም ሳይሆን ግዥውን አስቀድሞ ማቀድ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የብር ዋጋ በእጅጉ በመቀነሱ፣ ከውጭ የሚገባ መለዋወጫም ሆነ አዲስ ትራክተር ከቀድሞው ብዙ ብር ይጠይቃል። ያለውን መሣሪያ የማንሳት ጥያቄ ከመቼውም በላይ የጎላው በዚህ ምክንያት ነው።

ከታሪኩ የሚገኝ ትምህርት

ከላይ ከተዘረዘረው የሚከተሉትን ነጥቦች መውሰድ ይቻላል።

አንደኛ፣ ትራክተር ከመግዛት በፊት ስለ ፈረስ ጉልበቱ ብቻ ሳይሆን ስለ ፊልትሮው፣ ስለ ፍሪሲዮኑና ስለ ፓምፑ መጠየቅ ያስፈልጋል። አንድ ዩኒየን አምስት ዓይነት ትራክተር ከሚይዝ ሁለት ዓይነት ቢይዝ መለዋወጫ ለማከማቸትም፣ መካኒክ ለማሠልጠንም ይቀለዋል።

ሁለተኛ፣ ጎረቤት ዩኒየኖች የሚያስፈልጋቸውን ዕቃ በጋራ ዘርዝረው፣ እርሻ ከመግባቱ በፊት በበጋ፣ ሕጋዊ ደረሰኝ ከሚሰጥ አቅራቢ በአንድነት ቢገዙ ዋጋም ጥራትም ይሻሻላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው አባባል ለኩሽኔታም ይሠራል።

ሦስተኛ፣ ለእያንዳንዱ ትራክተር የጥገና መዝገብ ይኑር። የሞተሩ ቁጥር፣ የተላጨው ክራንክሻፍት ልክ፣ የተቀየረው ኩሽኔታ ቁጥርና ቀን ይጻፍ። ነጂው ቢለወጥ መዝገቡ ይቀራል።

አራተኛ፣ በግዥ ኮሚቴ ውስጥ ዕቃውን የሚያውቅ ባለሙያ ይግባ። ለአካባቢ የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎችና ለኦዲተሮችም ያገለገለ መለዋወጫ በምን ሥርዓት ሊገዛ እንደሚችል ግልጽ መመሪያ ቢኖር፣ ሐቀኛው ገንዘብ ያዥ ከፍርሃት ይድናል።

አምስተኛ፣ በእርግጥ የማይነሳ ትራክተር ካለ ዝናብ እስኪበላው አይጠበቅ። በወቅቱ ተመርምሮ፣ የሚጠቅመው ዕቃ ለሌላው ተፈትቶ፣ የቀረው በሥርዓት ይወገድ። ቁራሌው የሚያየውን ጥቅም ባለንብረቱ ማኅበር አስቀድሞ ሊያየው ይገባል።

ትራክተር ለጭላሎ ጭሰኛ የስደት ምክንያት ነበር። በመንግሥት እርሻ ዘመን የማንም ያልሆነ የመንግሥት ዕቃ ነበር። ዛሬ የአባላት ሀብት ሲሆን ባለቤት አግኝቷል ማለት ነው። ባለቤት ያለው ንብረት ደግሞ በአንድ ኩሽኔታ ምክንያት ሣር ሊበቅልበት አይገባም።