ጠቅልሎ የሄደ፣ አደራ ሰጥቶ የሄደ

የአዲስ አበባን የሽያጭ ቻናሎች የሚከታተል ሰው አንድ ማስታወቂያ ሳያይ አይውልም፤ «ከሀገር በመውጣት ምክንያት የሚሸጥ»። ከሥሩ ሶፋ፣ ፍሪጅ፣ ቁም ሳጥን፣ የሕፃን አልጋ፣ አንዳንዴም ረከቦት ከነስኒው ይደረደራል። ዋጋው በድርድር ነው፤ ቀኑ ግን አይደራደርም። ቪዛው ወጥቷል፣ ትኬቱ ተቆርጧል፣ ቤቱም ለአከራይ ይመለሳል። የዓመታት ኑሮ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተሸጦ ያልቃል።

አማርኛችን ለዚህ ዓይነቱ አወጣጥ ቃል ካበጀ ቆይቷል። «ጠቅልሎ ሄደ» ይላል። የሚጠቀለለው ዕቃው ነው፤ የሚነገረው ግን ስለ ሰውየው ልብ ነው። ጓዙን ጠቅልሎ የወጣ አይመለስም ይባላል። ዕቃውን ለሰው ትቶ የወጣ ደግሞ አሥር ዓመት ቢቆይም ገና መንገደኛ ነው። የሀገራችንን የስደት ታሪክ በጓዝ በኩል ካየነው፣ ማን ምን ይዞ ወጣ ከሚለው ይልቅ ማን ለማን ምን ትቶ ወጣ የሚለው ብዙ ይናገራል።

ከመንዝ እንጀምር። የመንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ ከተማ ዘመሮ ያለችበት ደጋ በብርዱና በበጉ የታወቀ ነው። የድሮው የደጋ ቤት ዕቃ ሁለት ዓይነት ነበር። አንዱ የሚጫነው ነው፤ እህል የሚያዝበት አቁማዳ፣ ዱቄት የሚቋጠርበት ስልቻ፣ የመንገድ ምሳ የሚይዘው አገልግል፣ የሚነጠፈው ቁርበት፣ ከበግ ጠጉር የተሠራው ባና። ቆዳና ሱፍ አይሰበርም፤ ተጠቅልሎ በአህያና በበቅሎ ይጫናል። የጥንት ነገሥታት ከሰፈር ሰፈር የተዘዋወሩት፣ ሠራዊቱም ስንቁን ይዞ የዘመተው በዚህ ዓይነት ጓዝ ነው። ሌላው የማይጫነው ነው፤ በጭቃና በጭድ የተሠራው ጎታ፣ ወፍጮው፣ መደቡ፣ የድንጋዩ ቤት። ጎታን ልጫን ያለ ያፈርሰዋል።

ታዲያ የሚጫነውን ይዞ የሚወጣ ሰው የማይጫነውን ማን ይጠብቅለት ነበር? መልሱ ርስት ነው። አሜሪካዊው የማኅበራዊ ሳይንስ ምሁር ዶናልድ ሌቪን በ1950ዎቹ መጀመሪያ መንዝ ውስጥ ተቀምጦ ያጠናው ይህንን ሕይወት ነበር። መንዜ ለርስቱ ያለው ፍቅር፣ በርስት የተነሳም የሚያካሂደው ሙግት «ሰምና ወርቅ» በተባለው መጽሐፉ ሰፊ ቦታ አለው። በርስት ሥርዓት የመሬት መብት በአባትም በእናትም በኩል ከሚቆጠር ዘር ይመጣል። መሬቱን አጎት ያርሰው፣ የአክስት ልጅ ያርሰው፣ የሄደው ሰው መብት በመሄዱ ብቻ አይሞትም። እሱ ባይመለስ ልጁ መጥቶ አያት ቅድመ አያቱን ቆጥሮ «ድርሻዬን» ማለት ይችላል። ክርክሩ ቀላል አልነበረም፣ ዳኛ ፊት ዓመታት ሊፈጅም ይችል ነበር፤ በሩ ግን አይዘጋም። ዘመድ ሁሉ ወደደም ጠላም ለሌላው ባለ አደራ ነበር።

ለውድ ዕቃ ደግሞ ሌላ ቦታ ነበረ። የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ከንዋየ ቅድሳቱ ሌላ በክፉ ቀን የምእመናንን ንብረትም ያስጠልል ነበር። ጦር መጣ ሲባል ብሩም፣ ጌጡም፣ ሰነዱም ወደ ደብሩ ይሸሻል። ከጠላት ሁልጊዜ ባይድንም ከጎረቤት እጅ ይድናል፤ የአደራን ዕቃ መካድ በሕግም በእግዚአብሔርም ፊት ያስጠይቃልና። በፍትሐ ነገሥትም ስለ አደራ የተደነገገ አለ።

ይህ ሁሉ ባለበት ሀገር፣ የአንድ ቤት ንብረት ተጠራርጎ ባሕር የተሻገረበት ትልቁ ታሪክ በባለቤቱ እጅ የተጫነ አይደለም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ከሞቱ በኋላ የእንግሊዝ ጦር የአምባውን ንብረት ዘረፈ። ዘውዱን፣ መስቀሉን፣ ልብሱንና የብራና መጻሕፍቱን ወደ ደላንታ ሜዳ ለማውረድ 15 ዝሆንና 200 የሚጠጋ በቅሎ አስፈልጓል። እዚያም ለሁለት ቀን በጨረታ ተሸጠ። ሕፃኑ ልዑል ዓለማየሁም ከጓዙ ጋር ባሕር ተሻገረ፤ በ1872 ዓ.ም. እንግሊዝ ሀገር ሞቶ እዚያው ተቀበረ። ያኔ ከተጫነው ቅርስ ብዙው ዛሬም እንግሊዝ ሀገር ነው።

ከ68 ዓመት በኋላ ሌላ ንጉሥ በባቡር ወጡ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባን ለቀው በጅቡቲ፣ ከዚያም በእንግሊዝ የጦር መርከብ ወደ ኢየሩሳሌም አቀኑ። እሳቸው ከወጡ በኋላ ቤተ መንግሥቱም ከተማውም ተዘረፈ። በስደት ባዝ ከተማ ቤት ገዝተው ሲኖሩ ገንዘብ አጠራቸውና ይዘውት የወጡትን የብር ዕቃ ለንደን ላይ በጨረታ አሸጡ። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተመልሰው ሲገቡ ከወጡበት ጓዝ የቀራቸው ብዙ አልነበረም፤ የቆየላቸው የጠበቃቸው ሰው ነው። የባዙን ቤት ኋላ ለከተማዋ አረጋውያን መጠለያ እንዲሆን ሰጡት።

ትልቁ መቆራረጥ የመጣው በ1967 ዓ.ም. ነው። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ መሬት የሚይዘው እዚያው ተገኝቶ የሚያርሰው ሆነ። ለጭሰኛው ይህ ነፃነት ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። በመንዝ ዓይነቱ የርስት ሀገር ግን የሄደ ሰው መሬት በዘሩ የሚጠበቅበት ሥርዓትም አብሮ ፈረሰ። ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። ሻንጣ ይዘው ለትምህርት የወጡ፣ ተመርቀን እንመለሳለን ብለው መጽሐፋቸውን እናታቸው ቤት ያስቀመጡ ብዙ ወጣቶች በውጭ ቀሩ። ሳይጠቀልሉ ሄደው፣ የተጠቀለለባቸው ትውልድ ናቸው።

ከዚያ በኋላ አወጣጡ እየቀለለ ሄደ። በሱዳን በኩል የተሰደደው ጀርባው የሚችለውን ብቻ ያዘ። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን በ36 ሰዓት ገደማ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ሲወሰዱ ብዙ ሰው እንዲጭኑ የአውሮፕላኖቹ ወንበር ተነቅሎ ነበር፤ ለጓዝ ቦታ አልነበረም። ጎንደር ላይ ቤትና ከብት የነበረው ሰው የለበሰውን ይዞ ተሳፈረ።

በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ጓዙ ወደ ኋላ ተገለበጠ። ሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ስትመልስ፣ ብዙዎቹ የገዙትን ቴሌቪዥን፣ የሰበሰቡትን ልብስ፣ ያልተከፈላቸውን ደመወዝ ሳይቀር ትተው በፌስታል ገቡ። ያኔ የታየው ሌላ ነገርም ነበር። ለዓመታት ወደ ቤት የላኩት ገንዘብ የት እንደገባ የጠየቁ፣ መልስም ያጡ ነበሩ። ዕቃም ብርም ለዘመድ ተልኳል፤ ውል ግን አልነበረም።

ዛሬም ከዘመሮም ሆነ ከሌላው የሰሜን ሸዋ ከተማ ወደ ዓረብ ሀገር የምትወጣ ልጅ ሻንጣዋ ውስጥ በሶ፣ በርበሬ፣ ሽሮና ነጠላ ትጨምራለች። ለአየር መንገዱ ሚዛን የሚሆነው ይኸው ነው። በሚዛን የማይገባው ግን ብዙ ነው፤ ለእናት የተተወ አልጋ፣ ለወንድም የተሰጠ በግ፣ በአጎት እጅ የቀረ የመሬት ደብተር፣ «የምልከውን አስቀምጡልኝ» የሚል ቃል። ይህ ሁሉ አደራ ነው፤ ግን እንደ ድሮው ዳኛ ፊት የሚቆጠርለት ዘር፣ ወይም ቄሰ ገበዙ የሚያውቀው ዕቃ ቤት የለውም። የቀረለት መተማመን ብቻ ነው። መተማመን ሲፈርስ ዕቃው ብቻ አይጠፋም፤ ወንድምና እህት ሳይነጋገሩ ይቀራሉ።

አዲስ አበቤው ሁሉን ሸጦ የሚወጣውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ዕቃው ስለበዛበት አይደለም፤ የሚያስቀምጥለት ሰው እንዳይቀየመው፣ እሱም ሰውን እንዳይቀየም ነው።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ አደራ ውል ራሱን የቻለ ክፍል አለው። ዕቃው ምን እንደሆነ፣ ማን እንደተረከበ፣ መገልገል ይችል እንደሆነ፣ መቼ እንደሚመለስ በአንድ ገጽ ተጽፎ፣ ሁለት ምስክር ፈርሞበት፣ ለሁለቱም ወገን ቅጂ ቢቀር ዘመድን መጠርጠር አይደለም። አያቶቻችን በዘር ቆጠራና በዕቃ ቤት ያደረጉትን እኛ በወረቀት ማድረጋችን ነው።

ጎታ ዛሬም አይጫንም። የሚሄድ ሰው ጎታውን የሚተውለት ሰው ካለው፣ ጠቅልሎ አልሄደም።