የዳሎል ፖታሽ፦ ሦስት ጊዜ ተጀምሮ ያልተፈጸመ የማዕድን ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ በአፋር ምድር፣ በዳናክል ረባዳ ውስጥ ስለሚገኘው የዳሎል ፖታሽ ነው። የዳሎል ስም ሲነሣ በብዙዎቻችን አእምሮ ውስጥ የሚሣለው ቢጫና አረንጓዴው ፍል ውሃ፣ እንዲሁም የሙቀቱ ብርታት ነው። በእርግጥም ከ1960 እስከ 1966 በተያዘው መዝገብ መሠረት የቦታው ዓመታዊ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነበር። እኔ ግን የማተኩረው ከዚያ በታች በተኛው ሀብትና እርሱን ለማውጣት በተደረገው የመቶ ዓመት ሙከራ ላይ ነው። የማዕድኑ ብዛትም ሆነ ጥራት አጠያያቂ ሆኖ አያውቅም። የዳሎልን ዕጣ ሲወስኑ የኖሩት ገበያ፣ ወደብና ውሃ ናቸው። ይህን ለማሳየት እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ወደ ሥነ ምድሩ እንግባ። የዳናክል ረባዳ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ስፍራ ሲሆን፣ የአፍሪካና የዓረቢያ የመሬት ቅርፊቶች እየተራራቁ በሚሄዱበት ቀጣና የተፈጠረ ነው። በምዕራብ የደጋው ገደል፣ በምሥራቅ የዳናክል ተራሮች ያዋስኑታል። ቀይ ባሕር በሰሜን በኩል እየገባ ይህን ጎድጓዳ ስፍራ ሞልቶት ነበር፤ ዛሬ በበረሃው ዳርቻ የሚታዩት የኮራል ቅሪቶች ለዚህ ምስክር ናቸው። ከእነዚህም ውስጥ ከ120,000 ዓመታት ገደማ በፊት የነበረውን የባሕር መጥለቅለቅ የሚያመለክቱ አሉ። ባሕሩ የሚገባበት በር ሲዘጋ ግን የቀረው ውሃ ለፀሐይ ተሰጠ።

የባሕር ውሃ ሲተን በውስጡ ያሉት ጨዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ አይረጉም። በመጀመሪያ የኖራ ድንጋይ፣ ቀጥሎ ጂፕሰም ይረጋል። ውሃው ወደ አንድ ዐሥረኛ ያህል ሲቀንስ የምንበላው ጨው ተራውን ይይዛል። ፖታሲየም ግን እስከ መጨረሻው ድረስ በውሃው ውስጥ ሟሙቶ ይቆያል። በመሆኑም ፖታሽ የሚገኘው ትነቱ እስከ ፍጻሜው በደረሰበትና በኋላ የመጣ ውሃ መልሶ ባላሟሟው ስፍራ ብቻ ነው። ዳሎል እንዲህ ያለ ስፍራ ነው። በአካባቢው ከ900 ሜትር በላይ ተቆፍሮ የጨው ክምችቱ መጨረሻ አልተገኘም። ከወፍራሙ የታችኛው ጨው በላይ ካይናይት፣ ከዚያም ካርናላይትና ሲልቫይት የተባሉት የፖታሽ ማዕድናት ተደራርበው ይገኛሉ፤ በላያቸው ደግሞ ሌላ የጨው ንጣፍ ተደፍቶባቸዋል። በዳሎል ኮረብታ ከሥር የመጣው ቅልጥ አለት ንጣፎቹን ወደ ላይ ስለገፋቸው ፖታሹ ለገጸ ምድር ቀርቧል።

የዚህ በረሃ የመጀመሪያው የማዕድን ታሪክ ግን የፖታሽ ሳይሆን የአሞሌ ታሪክ ነው። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኮስማስ ኢንዲኮፕለስተስ የአክሱም ነጋዴዎች ከብት፣ ጨውና ብረት ወስደው በወርቅ እንደሚለውጡ ጽፏል። በ1520ዎቹ አገራችንን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም ጨው እንደ ገንዘብ እንደሚያገለግልና ከመገኛው በራቀ ቁጥር ዋጋው እንደሚጨምር መዝግቧል። አፋሮች ጨውን ከምድሩ ፈንቅለው ይጠርባሉ፤ አርሆ የሚባሉት የደጋ ነጋዴዎች በግመልና በአህያ ጭነው በበርሃሌ በኩል ወደ መቀሌ ያወጡታል። ሥራው እጅግ አድካሚ ነው፤ ሆኖም ፈላጊውም፣ መንገዱም፣ ባለሙያውም በአገር ውስጥ በመሆናቸው ለዘመናት ሳይቋረጥ ኖሯል።

ፖታሽ ወደዚህ ታሪክ የገባው በአውሮፓ ጦርነት ሳቢያ ነው። ከ1860ዎቹ ጀምሮ በስታስፉርት አካባቢ ፖታሽ ማውጣት የጀመረችው ጀርመን የዓለምን ገበያ በእጇ አስገብታ ነበር። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ይህን ምንጭ ሲዘጋው፣ በአሜሪካ ገበያ የፖታሽ ዋጋ ከዐሥር እጥፍ በላይ አሻቀበ። ያን ጊዜ ኤርትራን ይዘው የነበሩት ጣሊያኖች በኢትዮጵያ ግዛት ውስጥ ባለው በዳሎል ሥራ ጀመሩ። ምርቱንም ለማውጣት ከመርሳ ፋጥማ ወደብ እስከ ኩሉሊ ድረስ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ጠባብ የባቡር ሐዲድ ዘረጉ። ጦርነቱ ሲያበቃ ግን የጀርመን ፖታሽ ወደ ገበያው ተመለሰ፤ አልዛስን መልሳ ያገኘችው ፈረንሳይም አምራች ሆነች፤ አሜሪካም በ1930ዎቹ መጀመሪያ በኒው ሜክሲኮ የራሷን ማውጣት ጀመረች። የዳሎል ሥራ በ1920ዎቹ መጨረሻ ተዳከመ፤ ሐዲዱም በእንግሊዞች አስተዳደር ዘመን ተነቀለ።

ሁለተኛው ሙከራ የተካሄደው ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በነበረችበት ዘመን ነው። ፓርሰንስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከ1950ዎቹ መጨረሻ አንሥቶ ሰፊ ቁፋሮ አካሄደ። ከኮረብታው በስተ ምዕራብ የሙስሊን ክምችት አጠና፤ ወደ ታች የሚወርድ የማዕድን ጉድጓድም አስቆፈረ። ይሁን እንጂ ጉድጓዱን ውሃ ገባበት፤ በ1960ዎቹ ማብቂያ ኩባንያው ሥራውን ትቶ ወጣ። በዚያው ዐሥርት ዓመት በካናዳ ሳስካችዋን ታላላቅ ማዕድን ማውጫዎች ተከፍተው ገበያው በፖታሽ ተጥለቅልቆ ነበር። እንዲህ ባለ ገበያ ውሃ የገባበትን ጉድጓድ ለማዳን ወጪ የሚያወጣ ባለሀብት አይገኝም። ዛሬ በዳሎል ከጨው ድንጋይ የተሠሩ ቤቶች ፍርስራሽ ቆሞ ይታያል።

ሦስተኛው ሙከራ የኛ ዘመን ነው። የፖታሽ ዋጋ በ2008 ሲንር የካናዳው አላና ፖታሽ ወደ ዳናክል መጣ። የእስራኤሉ አይሲኤል በ2015 አላናን ገዝቶ በ2016 ከሥራው ወጣ። የኖርዌዩ ያራም በዚያው ረባዳ የራሱን ጥናት አካሂዷል። በዚህ ዘመን ሁለት ነገሮች ተለውጠው ነበር። አንደኛ፣ ኤርትራ በ1993 ነጻ አገር ሆናለች፤ ከ1998ቱ ጦርነት በኋላም ድንበሩ ተዘግቷል። ስለዚህ ባሕሩ ጎረቤት ሆኖ ሳለ ምርቱ ሊወጣ የሚችለው በጅቡቲ በኩል፣ በ2017 በተመረቀው የታጁራ ወደብ ሆነ። ሁለተኛ፣ የማውጫው ዘዴ ተለውጧል። የታቀደው ውሃ ወደ ንጣፎቹ አስገብቶ ፖታሹን ማሟሟትና ጨዋማውን ውሃ በሰፋፊ ኩሬዎች በፀሐይ ማድረቅ ነው። ፓርሰንስን ያባረረው ውሃ አሁን ዋናው መሣሪያ ሆነ ማለት ነው። ይህ ውሃ ግን ከገደሉ ግርጌ የሚገኝ የከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ በዚያ በረሃ ለሰውም ለግመልም የሚተርፍ ብዙ ውሃ የለም።

አንድ ጥያቄ ልጨምር። ማዳበሪያ በውጭ ምንዛሬ የምንገዛ አገር ሆነን ሳለ ለምን የራሳችንን ፖታሽ አልተጠቀምንበትም? ከመልሱ አንዱ ክፍል አፈራችን በፖታሲየም የበለጸገ ነው የሚለው ለረጅም ጊዜ የቆየ እምነት ነው። ይህን በማመናችን የዳሎል ምርት ሲታሰብ ሁልጊዜ የታሰበው ለውጭ ገዥ ነበር። በ2010ሮቹ የተካሄደው አገር አቀፍ የአፈር ለምነት ጥናት ግን በተወሰኑ አካባቢዎች የፖታሲየም እጥረት እንዳለ አመለከተ። እዚህ ላይ የአሞሌ ታሪክ ያስተምረናል። ለውጭ ገበያ ብቻ የተከፈተ ማዕድን የውጭው ገበያ ሲያዛጋ ይተኛል፤ በአገር ውስጥ ፈላጊ ያለው ግን ክፉውን ዘመን የመሻገር ዕድሉ ሰፊ ነው።

ስለዚህ አራተኛው ባለሀብት ሲመጣ ከክምችቱ መጠን በፊት ልንጠይቅ የሚገባን ጥያቄዎች አሉ። ምርቱን ማን ይፈልገዋል? በየት በኩል ይወጣል? ውሃው ከማን ጉድጓድ ይቀዳል? ጨው በመጥረብ የኖረው የአፋር ሕዝብስ ከሥራው ምን ያገኛል? በእናንተ መካከል ያላችሁ የሥነ ምድር ተማሪዎች የመጀመሪያውን ስሌት በሚገባ ትሠራላችሁ፤ የቀሩትን ለመመለስ ግን ከታሪክ፣ ከግብርናና ከሕግ ተማሪዎች ጋር መቀመጥ ይኖርባችኋል።