መዘርጋት፣ መጫወት፣ መጠበቅ፦ የተንቀሳቃሽ ፒያኖ አጭር ታሪክ



 የዛሬው ርዕሴ በታሪክ ትምህርት ቤት ውስጥ ሲሰማ ጥቂት ያነሰ ሊመስል ይችላል። ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦርነት ወይም ስለ መሬት ሥሪት አልናገርም። የምናገረው አንድ ሰው በትከሻው ሊሸከመው ስለሚችል፣ ሶኬት ሲያገኝ ስለሚናገር፣ መብራት ሲጠፋ ስለሚያንቀላፋ የሙዚቃ መሣሪያ ነው። ሙዚቀኞቻችን ለረጅም ጊዜ «ኦርጋን» ሲሉት ኖረዋል፤ ዛሬ «ኪቦርድ» ወይም «ዲጂታል ፒያኖ» ይባላል። በንግግሬ ውስጥ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ስለ ሙዚቃ መሣሪያ የሚጻፍ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ ከፈልሳፊው ይጀምርና በታላላቅ ተጫዋቾች ይፈጸማል። በመካከሉ መሣሪያውን በየቀኑ የሚዘረጋው፣ የሚያስተካክለው፣ አቧራውን የሚጠርገው ሰው ይዘለላል። እኔ ግን የተንቀሳቃሽ ፒያኖን ታሪክ በሦስት ግሦች ለመንገር እወዳለሁ፦ መዘርጋት፣ መጫወት፣ መጠበቅ። መሣሪያው ከቦታ ወደ ቦታ መሄድ ሲጀምር እነዚህ ሦስት ሥራዎች ከአንድ ባለሙያ እጅ ወደ ሌላ ተሸጋግረዋል። ከእነርሱም ጋር ሥልጣን ተሸጋግሯል ብዬ አምናለሁ።

ከክብደቱ ልጀምር። ፒያኖን የፈለሰፈው ባርቶሎሜዮ ክሪስቶፎሪ ነው። በፍሎረንስ የሜዲቺ ቤተ መንግሥት የመሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ የፈጠራ ሥራው በ1700 ተመዝግቦ ይገኛል። እስከ ዛሬ ከቆዩት ሥራዎቹ ጥንታዊው፣ የ1720ው ፒያኖ፣ በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ተቀምጧል። በዚያው በ1700 በፓሪስ ዣን ማሪየስ የተባለ ባለሙያ በሦስት ተከፍሎ የሚታጠፍና በጉዞ የሚያዝ ሃርፕሲኮርድ ለመሥራት የንጉሥ ፈቃድ አገኘ። ስለዚህ የቁልፍ ሰሌዳ ያለውን መሣሪያ ይዞ የመንቀሳቀስ ምኞት ከፒያኖው ጋር እኩያ ነው ማለት እንችላለን። ይሁን እንጂ ፒያኖው በቀጣዮቹ ሁለት መቶ ዓመታት የሄደበት መንገድ የተገላቢጦሽ ነበር። አዳራሾች ሰፉ፤ ድምፅ እንዲበረታ ተፈለገ፤ አውታሮቹ ወፍረው ተወጠሩ፤ ውጥረቱን የሚችል የብረት ማዕቀፍ ገባ። ዘመናዊ የኮንሰርት ፒያኖ ከአራት መቶ ኪሎ በላይ ይመዝናል። እንዲህ ያለ መሣሪያ ሰውን ወደ ራሱ ይጠራል እንጂ ወደ ሰው አይሄድም። የሚጠብቀውም ተጫዋቹ ራሱ አይደለም፤ መቃኛውን ይዞ በየጊዜው የሚመጣ ባለሙያ ነው።

ይህን ሥርዓት ከሰበሩት አንዱ ሃሮልድ ሮድስ የተባለ አሜሪካዊ የፒያኖ መምህር ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ ጦር አየር ኃይል ውስጥ ሲያገለግል ቁስለኞችን ሙዚቃ እንዲያስተምር ተመደበ። ቁስለኛው ከአልጋው መነሣት አይችልም፤ ፒያኖውም ወደ አልጋው መምጣት አይችልም። ሮድስ የቢ-17 ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ትርፍራፊ የአሉሚኒየም ቱቦዎችን ቆርጦ፣ ሃያ ዘጠኝ ቁልፎች ያሉትና በጭን ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ፒያኖ ሠራ። በዚህ ታሪክ ውስጥ እጅግ የሚያስደንቀኝ የመነሻው ጥያቄ ነው። ሮድስ «ድምፁ እንዴት ይመር?» ብሎ አልተነሣም፤ «የት ይቀመጥ?» ብሎ ተነሣ። የተንቀሳቃሽ ፒያኖ ታሪክ ከአዘረጋግ ጥያቄ ተወለደ የምለው ስለዚህ ነው።

ሮድስ ይህን ሐሳብ አሳድጎ በ1960ዎቹ «ፌንደር ሮድስ» የተባለውን የኤሌክትሪክ ፒያኖ ለገበያ አበቃ። እርሱም ቢሆን ከሃምሳ ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ሁለት ሰው ይፈልግ ነበር። እውነተኛው ቅለት የመጣው ድምፅ በቁጥር መሠራት ሲጀምር ነው። በ1967 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጆን ቻውኒንግ አንዱን የድምፅ ሞገድ በሌላው ሞገድ በማወዛወዝ ውስብስብ የድምፅ ቀለም ማግኘት እንደሚቻል ደረሰበት። የጃፓኑ ያማሃ ፈቃዱን በ1970ዎቹ ወስዶ ከብዙ ዓመት ድካም በኋላ በ1983 «ዲኤክስ 7»ን አወጣ። ስድሳ አንድ ቁልፎች፣ ሠላሳ ሁለት የድምፅ ማኅደሮች፣ ክብደቱም አሥራ አራት ኪሎ ገደማ። በዚያው ዓመት የተለያዩ ፋብሪካዎች መሣሪያዎች እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበት «ሚዲ» የተባለው ደንብ ሥራ ላይ ዋለ። በ1984 ደግሞ የሬይ ከርዝዋይል ኩባንያ የእውነተኛ ፒያኖን ድምፅ ቀድቶ በማኅደረ ትውስታ የያዘ መሣሪያ አቀረበ። ዛሬ ሰማንያ ስምንት ከባድ ቁልፎች ያሉት ዲጂታል ፒያኖ ከአሥራ ሁለት ኪሎ ባነሰ ክብደት ይገኛል።

ወደ አገራችን ልመለስ። ሁለት ሰዎችን ጎን ለጎን ላቁማቸው።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ1923 አዲስ አበባ ተወለዱ፤ በልጅነታቸው በስዊዘርላንድ፣ ኋላም በካይሮ ሙዚቃ ተማሩ። ከዚያም ዓለምን ንቀው ግሸን ማርያም ገዳም ገቡና ለአሥር ዓመት ያህል በዚያ ኖሩ። ግሸን አምባ ነው፤ ፒያኖ የሚወጣበት ስፍራ አይደለም። ፒያኖው ሲመለስ ጸሎቱ፣ ዝማሬውና የአውሮፓው ትምህርት በአንድነት ተዋሕደው ወጡ፤ የመጀመሪያ ሸክላቸውም በ1967 በጀርመን ታተመ። ከ1984 ጀምሮ እስካረፉበት እስከ 2023 ድረስ በኢየሩሳሌም የኢትዮጵያ ገዳም ከፒያኗቸው ጋር ኖሩ። የእማሆይ ታሪክ የማይንቀሳቀስ ፒያኖ ታሪክ ነው፦ መሣሪያው ባለበት ሙዚቃው አለ፤ መሣሪያው በሌለበት ዝምታ ይሆናል።

ኃይሉ መርጊያ ደግሞ በወጣትነቱ አኮርዲዮን ተጫዋች ነበር። አኮርዲዮን ለእኛ በአንገት የሚንጠለጠል የመጀመሪያው የቁልፍ መሣሪያ መሆኑን ልብ እንበል። በኋላ በዋልያስ ባንድ የኦርጋን ተጫዋች ሆኖ በአዲስ አበባ ሂልተን ሠራ። የደርግ የሰዓት እላፊ የከተማውን ሌሊት በዘጋበት ዘመን ባንዶች ከእንግዶቻቸው ጋር በር ተዘግቶባቸው እስኪነጋ ይጫወቱ ነበር። ባንዱ በ1981 ወደ አሜሪካ ተጓዘ፤ ኃይሉም በዋሽንግተን ቀረ። በ1985 አኮርዲዮኑን፣ የሮድስ ፒያኖን፣ ዲኤክስ 7ንና የከበሮ ማሽንን አቀናጅቶ ብቻውን አንድ ካሴት ቀረጸ። ብዙ ሰው ይሠራው የነበረውን ሙዚቃ አንድ ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ ሠራው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ እየነዳ፣ ኪቦርዱን በመኪናው የዕቃ መጫኛ ይዞ፣ በደንበኛና በደንበኛ መካከል መኪናው ውስጥ ይለማመድ ነበር። ያ ካሴት በ2013 ዳግም ታትሞ ወደ ዓለም መድረክ መለሰው። መሣሪያው ተንቀሳቃሽ ባይሆን ኖሮ ጣቶቹ ያን ሁሉ ዓመት ሳይደነዝዙ ይቆዩ ነበር ለማለት ይከብዳል።

እዚህ ላይ ሚዛን መጠበቅ ያስፈልጋል። ተንቀሳቃሹ ፒያኖ ለስደተኛው አገርን በሻንጣ አስይዟል። በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ዝማሬን፣ በሠርግ ቤቶች ደግሞ ጭፈራን አጅቧል። በሌላ በኩል የትሩምፔቱን፣ የሳክስፎኑንና የባስ ጊታሩን ድርሻ በአንድ ሰሌዳ ላይ ጠቅልሎ ስለያዘ፣ ከ1980ዎቹ ወዲህ የትንፋሽ መሣሪያ ተጫዋቾች እንጀራ ጠብቧል። የቀረጻ ወጪን የቀነሰው መሣሪያ ራሱ የባንድን ጉርብትና አሳስቷል። አንዱን ጥቅም ተቀብለን ሌላውን ጉዳት ብንዘነጋ የታሪክ ሰዎች አይደለንም።

ከዚህ የሚጠልቀው ጉዳይ የቅኝት ነው። ክራር የሚቃኝ ሰው ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን፣ አንቺሆዬን በጆሮው እየመዘነ አውታሩን ያጠብቃል፤ ያላላል። በዲጂታል ፒያኖ ላይ ግን አንዱ ስምንዮሽ በአሥራ ሁለት እኩል ክፍሎች ተቆርጦ ከፋብሪካ ይወጣል። ተፈጥሯዊው አምስተኛ ርቀት 702 ሴንት ሲሆን በመሣሪያው ላይ 700 ነው፤ ልዩነቱ ለጆሮ የሚሰማ አይደለም። ተፈጥሯዊው ትልቁ ሦስተኛ ግን 386 ሲሆን በመሣሪያው ላይ 400 ነው፤ ይህ ይሰማል። በአንቺሆዬ ያሉት ጠባብ ርቀቶች ደግሞ በእነዚህ እኩል ደረጃዎች ላይ በትክክል አያርፉም። ቀድሞ ፒያኖ ቃኚው፣ ከእርሱም በፊት ክራር መቺው የሚወስነው ነገር ዛሬ ማንም ሳይወስነው የተወሰነ ሆኖ ይመጣል። ቁልፉን ሳይቀይር ድምፁን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው «ትራንስፖዝ» የተባለው አዝራር ለዘፋኙ ይመቻል፤ በደረጃዎቹ መካከል ያለውን ርቀት ግን አይለውጥም። በአንዳንድ መሣሪያዎች ላይ እያንዳንዱን ድምፅ በሴንት የማስተካከል አማራጭ አለ። እስቲ ከእናንተ መካከል የሙዚቃ ተማሪዎች የሆናችሁ ያን የምርጫ ገጽ ከፍታችሁ ክራር ከሚጫወት ሰው ጋር ተቀመጡ። ትዝታን ከኪቦርድ ብቻ ሰምቶ ያደገ ልጅ የክራሩን ትዝታ «የተሳሳተ» ብሎ የሚሰማበት ቀን እንዳይመጣ እሰጋለሁ።

ወደ ሦስተኛው ግሥ፣ ወደ መጠበቅ፣ እገባለሁ። ዲጂታል ፒያኖ መቃኘት ስለማይፈልግ ጥበቃ አይሻም የሚል እምነት በሰፊው አለ። እንደ እውነቱ ከሆነ ጥበቃው ከመቃኛ ባለሙያው ወደ ተጫዋቹ ተዛወረ እንጂ አልቀረም።

የአሜሪካን ምሳሌ ልውሰድ። በዚያ የግድግዳ ኃይል 120 ቮልት ነው፤ በእኛ 220። ዘመድ ከዋሽንግተን በስጦታ የላከው ኪቦርድ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ከሆነ የመጀመሪያ ምሽቱ የመጨረሻው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከመሰካት በፊት አዳፕተሩ ላይ «100–240» የሚል መጻፉን፣ ምትክ አዳፕተር ከተገዛም የቮልቱ ልክ፣ የአምፔሩ መጠንና የጫፉ አዎንታዊና አሉታዊ አቅጣጫ መስማማቱን ማየት ይገባል። መብራት ሲጠፋ ገመዱን ነቅሎ፣ ተመልሶ እስኪረጋጋ መጠበቅ ትንሽ ልማድ ነው፤ ትርፉ ግን ትልቅ ነው። ማቆሚያው ክርኑ ከቁልፎቹ ጋር በሚተካከልበት ከፍታ ይዘርጋ፤ አለዚያ ትከሻው ይከፍላል። መሣሪያው ካልተሸፈነ አቧራ በቁልፎቹ ሥር ወዳሉት የጎማ መገናኛዎች ይገባል። የጣት ኃይል የሚለካው በሁለት መገናኛዎች መካከል ባለው የጊዜ ልዩነት ስለሆነ፣ አቧራ የያዘው ቁልፍ አንዴ ዝም ይላል፤ አንዴ ሳይታሰብ ይጮኻል። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ መሣሪያ የድንጋይ ባትሪው ይውጣለት፤ ፈሳሹ ሽቦውን ይበላልና። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪናም ማደሪያው አይሁን።

እነዚህ የቤት ምክሮች ይመስላሉ፤ ለእኔ ግን የታሪክ ማስረጃ ጉዳዮች ናቸው። በዲኤክስ 7 ውስጥ ተጫዋቹ ራሱ ያበጃቸው ድምፆች የሚኖሩት ሳንቲም በምታህል አንዲት ባትሪ ኃይል ነው። ባትሪዋ ስትሞት ድምፆቹ አብረው ይጠፋሉ። የአንድ ዘመን የካሴት ሙዚቃ መለያ የሆነ ቀለም፣ በአንድ ሙዚቀኛ ቤት አልጋ ሥር ያለ ማንም ምስክር ይሞታል ማለት ነው። በእንጨት፣ በቆዳና በአውታር የተሠራ በገና ከመቶ ዓመት በኋላም ጠጋኝ ያገኛል፤ ፋብሪካው መሥራት ያቆመውን ቺፕ ግን ማንም አናጢ አይተካውም። አዲሱ መሣሪያ ከጥንታዊው ይልቅ ለመጥፋት ቅርብ ነው።

ስለዚህ ለዚህ ጉባኤ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ቤተ መዛግብቶቻችን ሸክላና ካሴት ሲሰበስቡ የኖሩ ናቸው፤ ይህ የሚመሰገን ነው። በዚያ ላይ መሣሪያዎቹ ራሳቸው፣ በውስጣቸው ያሉት የድምፅ ማኅደሮች፣ የጥገና ደብተሮች፣ የጠጋኞችና የኦርጋን ተጫዋቾች ቃል ይጨመሩ። በሚዲ ገመድ ማኅደሩን ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ የደቂቃዎች ሥራ ነው። የሚያስቸግረው መሣሪያው በማን ቤት እንዳለ ማወቅና ባትሪው ሳይሞት መድረስ ነው። ይህን ሥራ የሙዚቃና የታሪክ ተማሪዎች ተጋግዘው ቢጀምሩት የመመረቂያ ጽሑፍ ይወጣዋል፤ የአንድ ትውልድ ድምፅም ይተርፋል።

 አሁን ጥያቄዎቻችሁን፣ በተለይም በቤታችሁ አሮጌ ኦርጋን ያላችሁን ሰዎች ቃል፣ ለመስማት ዝግጁ ነኝ።