ጥቂት ሕፃናትን በትዕግሥት መመልከት፦ የሕፃናት ዕድገትና የቤተሰብ ጥናት በትንሽ ዩኒቨርሲቲ

የሕፃን ጠባይና የቤተሰብ ኑሮ የሚመረመርበት ትምህርት መሣሪያና ገንዘብ በተትረፈረፈበት ታላቅ ዩኒቨርሲቲ ካልሆነ በቀር ሊደረጅ አይችልም የሚል አሳብ በብዙ መምህራን ዘንድ ሥር ሰድዶ ይገኛል፤ ይሁን እንጂ የዚህን ትምህርት ታሪክ በጥሞና ለሚመረምር ሰው፣ ከታላላቆቹ ግኝቶች አንዱ የተጀመረው ተማሪዎቹ በመቶዎች ብቻ ይቆጠሩ በነበረ በአንድ የአፍሪካ ኮሌጅ ጥላ ሥር መሆኑ ይገለጥለታል።

ይኸውም በለንደን ዩኒቨርሲቲ ሞግዚትነት ያስተምር የነበረው የካምፓላው ማኬሬሬ ኮሌጅ ነው። በቶሮንቶ ተምረው በለንደኑ ታቪስቶክ ክሊኒክ ከጆን ቦውልቢ ጋር የሠሩት ዶክተር ሜሪ ኤይንስወርዝ፣ ባለቤታቸው በዚያ በነበረው የምሥራቅ አፍሪካ የማኅበራዊ ጥናት ተቋም ሥራ ስላገኙ ተከትለዋቸው ሄዱ፤ በ1954 እና በ1955 እ.ኤ.አ. ከአስተርጓሚ ጋር ሆነው በአካባቢው መንደሮች የሚኖሩ 26 የባጋንዳ ቤተሰቦችን፣ በእነርሱም ዘንድ ያሉ 28 ሕፃናትን፣ በየሁለት ሳምንቱ እየሄዱ ለዘጠኝ ወር ያህል ተመለከቱ። መጀመሪያ ያሰቡት፣ ጡት የሚጥል ሕፃን ጡቱን ይረሳ ዘንድ ወደ አያቱ ቤት የሚላክበትን የአገሩን ልማድ ለመመርመር ነበር፤ ነገር ግን መንደሩ ሲደርሱ ልማዱን የሚጠብቁት ጥቂቶች ብቻ ሆነው አገኙ። ሌላ ሰው ቢሆን ጥያቄዬ ፈረሰ ብሎ ይመለስ ነበር፤ እርሳቸው ግን ጥያቄውን ትተው ሕፃናቱን ያዙ። ሕፃኑ እናቱ ስትነሣ ማልቀሱን፣ በደኅናው ጊዜ ደግሞ ከእርስዋ እየራቀ ድኾ ዓለሙን ሲመረምር ቆይቶ ዘወር ብሎ እርስዋን ማየቱንና መመለሱን በማስታወሻ ጻፉ፤ በ1967 እ.ኤ.አ. የታተመው መጽሐፋቸው ከዚህ ማስታወሻ የወጣ ነው።

ከግኝታቸው ሁሉ ይልቅ ለእኔ የሚያስደንቀኝ አንዱ ነው። ስለ ልጅዋ ጠባይ ሲጠይቋት አብዝታና አጣርታ የምትናገር እናት፣ ልጅዋ በእርስዋ ተማምኖ የሚኖር ሆኖ ተገኘ፤ ልጁን የሚንከባከቡት ብዙዎች መሆናቸው ግን ብቻውን መተማመኑን አላጎደለበትም። እንግዲህ መመልከት የተመራማሪው ብቻ ሳይሆን የእናቲቱም ሥራ ነው ማለት ነው። አያት፣ አክስት፣ ታላቅ እኅት፣ ጎረቤትም ጭምር ሕፃኑን በሚያሳድጉበት በአገራችን፣ የቤተሰብ ጥናት ተማሪ አባትና እናትን ብቻ በመዝገብ አስፍሮ ቤቱን መረመርሁ ቢል፣ የቤቱን እኩሌታ ሳያይ ወጣ ማለት ነው።

ትንሽ ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ዐይነት ትምህርት የተመቸ ስለ መሆኑ ብዙ ማስረዳት አያሻም፤ በጉባኤ ቤት ጥቂት ደቀ መዛሙርት መምህሩን ከብበው ንባቡንም ትርጓሜውንም ከአፉ እንደሚቀበሉ ሁሉ፣ በዚህም ተማሪው ከሰዓት በኋላ በመዋዕለ ሕፃናት ያየውን በማግሥቱ መምህሩ ፊት አቅርቦ፣ «ይህን አየህን ወይስ ገመትህ?» ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል። አምስት መቶ ሰው በሚቀመጥበት አዳራሽ ይህ ጥያቄ አይጠየቅም። በአንጻሩ ጉድለቱም የታወቀ ነው፤ መጻሕፍቱ ጥቂቶች ናቸው፣ አንድ መምህርም ከፅንስ እስከ ሽምግልና ያለውን ሁሉ ብቻውን እንዲያስተምር ይገደዳል።

ሃያ ስምንት ሕፃናት ስለ ዓለም ሕፃናት ሁሉ ሊመሰክሩ አይችሉም የሚለው ተቃውሞ እውነት ነው። ስለዚህም ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢትዮጵያ 3,000 ያህል ልጆችን በ20 ሥፍራዎች ሲከታተል የኖረው ያንግ ላይቭስ የተባለው ጥናት እጅግ የሚያስፈልግ ነበር፤ የትኛው ልጅ በቁመት እንደ ቀነጨረ፣ የትኛው ከትምህርት ገበታ እንደ ቀረ በሰፊው ለማወቅ የሚቻለው በእንዲህ ያለው ቈጠራ ነውና። ቢሆንም እንዲህ ላለው ቈጠራ ምን ምን ሊጠየቅ እንደሚገባ አስቀድሞ የሚያመለክተው በጓዳና በደጃፍ ተቀምጦ የተመለከተ ሰው ነው።

ዶክተር ኤይንስወርዝ ኋላ በባልቲሞር ሌሎች 26 ቤተሰቦችን በየሦስት ሳምንቱ፣ በየጉብኝቱም አራት ሰዓት ያህል እየቆዩ፣ ሕፃናቱ አንድ ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ ተከታትለዋል። ዓለም ግን ከዚህ ሁሉ ድካም አንሥቶ የያዘው በመጨረሻ የተደረገውን የሃያ ደቂቃ ፈተና ነው፤ ፈተናው በየአገሩ ሲባዛ፣ ትርጉም የሰጠው የቤት ለቤት ጉብኝት ግን ብዙ ተከታይ አላገኘም። ይህንንም ከትምህርቱ ታላላቅ ጥፋቶች እንደ አንዱ እቈጥረዋለሁ። ስለዚህ የትንንሽ ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍል አለቆች፣ የመጠይቅ ወረቀት ከማባዛታቸው በፊት፣ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ሕፃን ያለበትን አንድ ቤት፣ በወላጆቹ ፈቃድ፣ በየሁለት ሳምንቱ ለአንድ ዓመት እንዲጐበኝና ያየውን እንዲጽፍ የምረቃ ግዴታ ያደርጉት ዘንድ እለምናለሁ፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ወጪ ደብተር፣ እርሳስና የመንገድ ገንዘብ ብቻ ነው።